ፍሪጅ ያደረው ሩዝ

(ቅዳሜ ረፋድ፣ ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ጠባብ ወጥ ቤት። ታናሽየው አናጢ ነው፤ ዛሬ ለምሳ የእጮኛው እናት ይመጣሉ፤ አይተውት ልጃቸውን ሊሰጡት ወይ ሊከለክሉት። ታላቅየውን ሰፈሩ ‹‹ዶክተሩ›› ይለዋል። ዶክተር እንኳ አይደለም፤ ክሊኒክ በር ላይ ተራ ቁጥር ያድላል። ነጭ ጋዋኑን ሲለብስ ግን፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ራሱም ይጠራጠራል። ትናንት ማታ ሩዝ በሥጋ ሠርተው ግማሹ ፍሪጅ ገባ፤ ግማሹ ቦታ አጥቶ ጠረጴዛ ላይ አደረ። አሁን ዶክተሩ የጠረጴዛውን ድስት ታቅፎ ወደ ቆሻሻው ባልዲ ይገሰግሳል፤ አናጢው የድስቱን ጆሮ ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታል።)

አናጢው፦ ልቀቀው ጋሼ!

ዶክተሩ፦ አለቅም! አማትህን ገድለህ ነው ልጃቸውን የምታገባው?

አናጢው፦ ኧረ ተከድኖ ነው ያደረው!

ዶክተሩ፦ ክዳን ለዝንብ ነው። ጀርም የሚራባው ከውስጥ ነው።

አናጢው፦ እንግዲያው እንክፈትለትና ይውጣ!

ዶክተሩ፦ ጌታዬ፣ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ ማህፀን አሳደርከኝ?

አናጢው፦ እሺ ደህና አድርጌ ላንተክትከው። ይሞታላ!

ዶክተሩ፦ ጀርሙ ቢሞት የተፋው መርዝ ይቀራል።

አናጢው፦ ሰው ሞቶ ወሬው እንደሚቀረው?

ዶክተሩ፦ (ተገርሞ) በትክክል! እንዲህ ነገር ሲገባህ ደስ ይለኛል።

አናጢው፦ እስቲ አሽትተው፤ ምንም አልሆነም እኮ።

ዶክተሩ፦ በማሽተትም በመቅመስም አይታወቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! (ድስቱን ባልዲው ውስጥ ግልብጥ ያደርገዋል።)

አናጢው፦ ወይኔ ሥጋዬ! ለሴትዮዋ ምን ላቀርብ ነው?

ዶክተሩ፦ ፍሪጅ ያደረውን ነዋ! (ትንሹን ድስት አውጥቶ እንደ ሙሽራ ያስቀምጠዋል።) አየህ፣ ሳይንስ ማለት ይኼ ነው።

አናጢው፦ (ካልሲውን እያየ) ጋሼ፣ ፍሪጁ ሥር ውሃ አለ።

ዶክተሩ፦ ሲሠራ ያልበዋል። አንተ እንጨት ስትልግ አያልብህም?

አናጢው፦ ያልበኛል። ግን ድምፅ አወጣለሁ፤ ይኼ ጭጭ ብሏል።

ዶክተሩ፦ ጥሩ ሠራተኛ አይንጫጫም። ከሱ ተማር።

አናጢው፦ (እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ) ውስጡ ደግሞ ለብ ይላል።

ዶክተሩ፦ እጅህ ነው የሞቀው! ለመሆኑ ማንን ነው የምትጠራጠረው? ይኸው፣ ራሴ እቀምሰዋለሁ። (አንድ ማንኪያ ይጎርሳል፤ ይደግማል፤ ይሠልሳል። ቁርስ አልበላም።)

አናጢው፦ ኧረ ለሳቸውም አስቀር!

ዶክተሩ፦ (አፉ ሞልቶ) ናሙና ካነሰ አያሳምንም።

አናጢው፦ (ከፍሪጁ ጀርባ አጎንብሶ) ጋሼ፣ ሶኬቱ ላይ የተሰካው የማን ስልክ ነው?

ዶክተሩ፦ የኔ ነው፤ እንዳትነቅለው። ማታ ባትሪው አልቆ ነበር።

አናጢው፦ ፍሪጁስ የት ነው የተሰካው?

ዶክተሩ፦ ፍሪጁንማ ሲያጉረመርም እንቅልፍ ቢነሳኝ ጊዜ ነቀል... (ማንኪያው አፉ ውስጥ ይቀራል።)

አናጢው፦ ምነው? አጥንት አገኘህ?

ዶክተሩ፦ (ማንኪያውን ቀስ ብሎ እያወጣ) ሌሊቱን ሙሉ... ሙቅ ሩዝ... ዝግ ሳጥን ውስጥ...

አናጢው፦ የጠረጴዛው ይሻል ነበር፤ የመስኮቱ ንፋስ እየነካው ነው ያደረው።

ዶክተሩ፦ እሱም ቢሆን መርዝ ነው! ልዩነቱ፣ ያንን የበላው የለም። (ሆዱን ይዞ) አንተ ደደብ! ቁጥርህን ብቻ ብታድል ምን ነበረበት?

አናጢው፦ እኔን ነው?

ዶክተሩ፦ ራሴን ነው! አንተማ ገና ከበሩ ‹ለብ ይላል› ብለኸኛል።

(በር ይንኳኳል። አናጢው ባዶውን ድስት ያያል፤ የጎደለውን ያያል፤ ወንድሙን ያያል። የቱንም ለእንግዳ ማቅረብ አይቻልም።)

አናጢው፦ መጡ! ጉድ ፈላ! ምን ልበላቸው?

ዶክተሩ፦ እውነቱን ንገራቸው። ምሳው ተበላሸ፣ አዲስ እስክንሠራ ይታገሡን በል። ዳቦና እንቁላል አለ። ከታመሙብህ ልጅቷን አታገኛትም፤ ከራባቸው ግን ይቅር ይላሉ።

አናጢው፦ እሱስ ይሁን። ግን መጥተው ሊያዩኝ እሺ ያሉት ‹ዶክተር ወንድም አለኝ› ስላልኳቸው ነው። የታለ ቢሉኝስ?

ዶክተሩ፦ (ወደ ሽንት ቤት እየሮጠ) ተግባራዊ ትምህርት ላይ ነው በላቸው!