በሰው ወንበር ቸር

በሌላ ሰው ወንበር እንግዳ የሚያከብር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ቃሊቲ ታክሲ ተራ ገጥሞኛል። ትልቅ ሻንጣ ያዘለ ፈረንጅ መጣ። ዛሬ አገራችን ገብቶ፣ አቃቂ አድሮ፣ ነገ የባሌን ተራሮች በእግሩ ሊያቋርጥ የሚሄድ ነው አሉ። ተራ አስከባሪው እየመራ አምጥቶ የአቃቂው ታክሲ የመጨረሻ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ወንበሩ ግን ፋብሪካ ስትሠራ ያደረች አንዲት ልጅ ተሰልፋ የጠበቀችው ነበር።

እኔ ቀድሜ ገብቼ ተቀምጫለሁ። «ተራው የሷ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«እማማ፣ እንግዳ እኮ ነው! ምን ይለናል?» አለኝ ተራ አስከባሪው።

«ታዲያ ቤትህ ወስደህ አልጋህን አትለቅለትም? የሷን ወንበር ማን ሰጠህ?»

ተሳፋሪው ሁሉ «ኧረ እንሂድበት!» አለ። ልጅቷም ራሷ «ይተዉት፣ እማማ» አለችኝ። ለመከራከር እንኳ ደክሟታል።

ምን ላድርግ? ወረድኩና በቦታዬ አስቀመጥኳት። «መስጠት እንዲህ ነው» አልኩት ተራ አስከባሪውን። እንደገና ልሰለፍ ብል ሰልፉ አስፋልቱን ተሻግሯል። ታክሲው ሲነሳ፣ በእግሩ ሊጓዝ የመጣው ሰውዬ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ። እኔም ጉልበቴን አሸት አድርጌ ወደ አቃቂ በእግሬ ጀመርኩት።

ለዚህ ለእግር መንገድ ነው እንግዲህ ፈረንጆቹ ከባሕር ማዶ ድረስ የሚመጡት?