የአዴ ጫልቱ ተራ

በዚህ አገር እሳት አጥፊ የሚከበረው እሳት እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው! አትከራከሩኝ፤ በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ እሳት አጥፊ ሆኜ የኖርኩት እኔ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ወደ ሙያው የገባሁት በቁመቴ ነው። ማስታወቂያው ረጅም ሰው ይፈልግ ነበር፤ እኔም ከቁመት ሌላ የማቀርበው ማስረጃ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሠለጠንን። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙ በርሜል ውስጥ አሮጌ ጎማ አቃጥሎ አሳየንና ምስክር ወረቀት አደለን… እሳት ካየው ምን ለየው!

ከዚያ ናዝሬት ተመድቤ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ። ከሶደሬ እስከ ወለንጪቲ ያለው አገር ላለመቃጠል የተማማለ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ደህና በማደሩ የሚከፋው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

መኪናችን ግን ሥራ አልፈታችም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሰልፍ ሜዳውን አቧራ በውሃ እናርሳለን። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ (ሲጠፋ ስል ብዙውን ጊዜ ማለቴ ነው) ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርን ውሃ እናድላለን። ለአንድ ቤት ሁለት ባልዲ። መምጣታችንን የምናሳውቀው በሳይረኑ ነበር። ሌላ ምን ነበረን? ሳይረኑ ሲጮህ ሰፈሩ «ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጣ!» እያለ በኦሮምኛም በአማርኛም ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ያኔ ነበር ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአዴ ጫልቱ ማዕድ ቤት ተቃጠለ ተባለ። አዴ ጫልቱ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ማዕድ ቤታቸው ከዋናው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ ያ ግድግዳ እሳት ከያዘው መጠለያ የላቸውም። ሳይረኑን ለቅቀን በረርን።

የሆነውን ሳትገምቱት አትቀሩም። ከገበያው ጀምሮ ሕዝቡ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ተከተለን። አንዱማ ከፀጉር አስተካካይ ቤት ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ወጥቶ ሲሮጥ አይቻለሁ። ቦታው ስንደርስ ከመኪናችን ኋላ የተሠራው ሰልፍ ለማንኛውም ክብረ በዓል የሚበቃ ነበር። እሳቱ ከጣሪያው በላይ ወጥቷል። ቱቦውን ልስብ ስል የዘወትሩ ተራ አስከባሪ ጋሽ በቀለ በከዘራቸው መንገዴን ዘጉት።

«ልጄ፣ ያለ ተራ የለም።»

«ጋሼ፣ እሳት ነው እኮ።»

«አይተነዋል። ያየነውም ተራችንን ይዘን ነው።»

የቤቱን ባለቤት ብፈልጋቸው፣ አዴ ጫልቱ ባልዲያቸውን ይዘው ከሰልፉ መጨረሻ ቆመዋል። ቤታቸው እየነደደ! ለምን እዚያ እንደቆሙ ስጠይቃቸው፣ የደረሱት አሁን ገና ስለሆነ ነው አሉኝ። ፈራሁ… እሳት ለማጥፋት ሠልጥኛለሁ፤ ሰልፍ ለመበተን ግን ማንም አላሠለጠነኝም። ያንን ግድግዳ እያየሁ እንባዬ መጣ።

ጋሽ በቀለ እንባዬን አይተው ይሁን እንጃ፣ ጉዳዩን እንደ ስብሰባ ለሰልፈኛው አቀረቡት። ለአዴ ጫልቱ ተራ ይለቀቅላቸው የምትሉ እጅ አውጡ አሉ። እጅ ወጣ። የሚቃወም? የለም። ድምፅ ተአቅቦ? ባለሳሙናው እጁን አወጣ። ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ተአቅቦ አለፈና ውሃውን ለቀቅሁት። ማዕድ ቤቱ ከሰል ሆነ፤ ግድግዳው ግን ጠቆረ እንጂ አልተያያዘም። ቤቱ ተረፈ! መኪናዋ ውስጥ ጠብታ አልቀረም። አዴ ጫልቱ አገላብጠው ሲስሙኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰልፈኛው ባዶ ባልዲውን እያየ ተበተነ።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ አስጠራኝ። ዕድገት ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

«ጓድ፣ ምን እንዳጠፋህ ታውቃለህ?»

«አዎን ጓድ፣ እሳት» አልኩት በኩራት።

ከመሳቢያው ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠኝ። በሙያ ዘመኔ ያጠፋሁት የመጀመሪያው እሳት ማህደሬ ውስጥ እስከ ዛሬ እንዲህ ተብሎ ይገኛል፦ «ለአንዲት ግለሰብ አንድ ሙሉ መኪና ውሃ በአድልዎ በማደሉ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል።»