ቦርከና ዳር አጎቴን «የገደልኩበት» ካምፒንግ

ጓደኞቼ፣ ይህን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ዛሬ ለአጎቴ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር።

አጎቴ አሁን አጠገቤ ሻይ እየጠጣ ነው!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የዶርም ጓደኛዬ ዮናታን የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ውኃ ዳር ነው ያደገው። «እናንተ ጋ ካምፒንግ የለም?» ብሎ ቪዲዮ አሳየኝ። ፈረንጆች ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ባሕር ዳርቻ አቁመው አሸዋው ላይ ተንጋለዋል።

እኔ ደግሞ እንግዳን «የለም» ማለት አልችልም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሰው ሁሉ እንዲወደኝ እፈልጋለሁ። (ይህ በሽታ ነው፤ ታዩታላችሁ።)

«አለ!» አልኩት።

ባሕር ባይኖረን ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ወንዝ አለ፤ ውኃው ሲቀንስ ዳሩ አሸዋ ነው። አልጋ ያለው መኪና ባይኖረን የአጎቴ የሰይድ አባዱላ አለች፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው ያመላልስባታል። ድንኳንስ? ከሰፈራችን ቅሬ፣ ከእድሩ ማለቴ ነው፣ ተዋስኩ።

አዎ። ሰው ሲሞት የሚተከለውን ድንኳን!

ድንኳን ያው ድንኳን ነው ብዬ ነዋ!

አጎቴ በአንድ ነገር ብቻ ተስማማ። «ሳምንቱን ሙሉ መሪ ይዤ ነው የከረምኩት። እናንተ ተጫወቱ፣ እኔ መኪናው ውስጥ እተኛለሁ። ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ።»

«አብሽር» አልኩት።

ደረስን። መኪናዋን አቆምን፣ ድንኳኑን ከጎኗ ተከልን፣ አጎቴ ተኛ። ሁሉም ነገር ሰላም ነበር።

ከዚያ ነፋሱ መጣ!

አሸዋው ማካሮኒያችን ውስጥ ገባ። ጆሯችን ውስጥ ገባ። አጎቴ በእንቅልፍ ልቡ ነጭ ጋቢውን ከራሱ እስከ እግሩ ተሸፋፈነ። እኔና ዮናታን ዓይናችን ቀልቶ፣ እንባችንን እየጠረግን፣ ድንኳኑ እንዳይበር ምሰሶውን ይዘን ቁጭ አልን።

እስቲ ይህን ከሩቅ ሆናችሁ እዩት። የለቅሶ ድንኳን። የሚያለቅሱ ሁለት ወጣቶች። በሩ በተከፈተ መኪና ውስጥ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ሰው።

ጋሽ ኢብሬ ያዩት ይህንን ነው።

ጋሽ ኢብሬ የዚያው አካባቢ ገበሬ ናቸው። ወደ ሰኞ ገበያ ሲወጡ የሚሳፈሩት በአጎቴ መኪና ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረቡ። መኪናዋን አዩ። ጋቢውን አዩ።

«ሰይድ ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አዎ አባቴ፣ እሱ ነው።»

«ኢናሊላሂ!» ምርኩዛቸው ወደቀ። «አላህ ይርሐመው። ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ።»

«አሜን» አልኩ።

አሜን!! ትልቅ ሰው «አላህ» ብሎ ሲጀምር «አሜን» ማለት ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። አፌ ቀደመኝ።

ነገሩ ሲገባኝ ጋሽ ኢብሬ አሸዋው ላይ ተቀምጠው እያለቀሱ ነበር። የእውነት! «ዝናብ ላይ ቆሜ ሲያየኝ አልፎኝ አያውቅም። ጤፌን ጣሪያው ላይ ራሱ ነበር የሚጭንልኝ። ሰይዶ! ሰይዶ!» እንባቸው ጢማቸውን አራሰው።

አሁን እኚህን አባት «ተሳስተዋል» እንዴት ይባላል? እናንተ ትሉ ነበር? እኔ ውኃ ሰጠኋቸው።

ዮናታን ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። «ንገራቸው እንጂ!»

«ትንሽ ይረጋጉ» አልኩት።

ተረጋጉ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

የደወሉት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለሚኖር የወንድማቸው ልጅ ነው። «የሰይድ እህት ጎረቤትህ ናት። ሴቶቹን ይዘህ ግባ። መርዶውን ቀስ ብላችሁ ንገሯት።»

የሰይድ እህት እናቴ ናት።

እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ ያላት ወንድምም እሱ ብቻ ነው። «አባቴ…» ብዬ ስጀምር መኪናው ውስጥ ጋቢው ብድግ አለ!

«እህቴን እንዳትነግሯት!»

ጋሽ ኢብሬ «ቢስሚላሂ!» ብለው አሸዋው ላይ በጀርባቸው ተዘረሩ።

አጎቴ ለካ ነቅቶ ኖሯል! «ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ከጤፉ ጀምሮ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሰው በቁሙ እንዲህ አይመሰገንም። ትንሽ ልስማ ብዬ ነው።»

ጋሽ ኢብሬ ተነስተው ምርኩዛቸውን አነሱ። እኔን ሊመቱ ነው ብዬ ሸሸሁ። የአጎቴ ትከሻ ላይ ነው ያሳረፉት! ከዚያ አቅፈው ሳሙት።

ለእናቴ ደወልን፤ ዝግ ነው። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚያደርገው የሐዘንተኛውን ስልክ ዘግቶ መደበቅ ነው፣ ወሬው ድንገት እንዳይደርስ። የጋሽ ኢብሬ የወንድም ልጅም አያነሳም። ድንኳኑን እንደነገሩ ጠቅልለን፣ ጋሽ ኢብሬን ጨምረን፣ የደሴን ዳገት ተያያዝነው። እኔ በየጠመዝማዛው እናቴ ስትወድቅ ይታየኝ ነበር።

ቤታችን ስንደርስ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል።

ግን ማንም አያለቅስም!

እኛ ሀገር መርዶ ዘው ተብሎ አይነገርም። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ከዚያ ስለ ብርዱ ይወራል፣ ከዚያ ስለ ሽንኩርት መወደድ። እነሱ ገና ሽንኩርቱ ላይ ነበሩ። አላህ ባህላችንን ይጠብቅልን!

አንዷ ጎረቤት አጎቴን በር ላይ ስታይ ጮኸች። እናቴ ዞር ብላ፣ ምንም ሳታውቅ፣ «ምነው፣ አሸዋ ለብሰህ መጣህ?» አለችው።

ከዚያ የሰዎቹን ፊት አየች። አንድ በአንድ። ለምን እንደመጡም ገባት።

አጎቴ ደግፎ አስቀመጣት። እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው፤ ይህን ስጽፍም አለቀቀችውም።

እኔንማ «ና ወዲህ!» አለችኝ። «አንተ አፍህ ከአሜን ሌላ አያውቅም?»

«ተይው ልጄ» አሉ ጋሽ ኢብሬ። «እኔም ትንፋሹን ሳላይ ነው የቀበርኩት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጥጌን ይዤ ይህን እየጻፍኩላችሁ ነው።

እስቲ ሲኒየሮች ንገሩኝ፦ ትልቅ ሰውን ሳያስቀይሙ «ተሳስተዋል» ማለት የሚሰጠው በስንተኛው ሰሚስተር ነው? ከአሁኑ ልመዝገብ!