ሜዳው አይሸሽም

እንግዳ ሳይበላ ስለ ጉዳይ ማውራት ነውር የሚመስለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ያደግሁት እንዲህ ባሉ ሰዎች መሀል ነው፤ ወለጋ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሲሬ፣ ነቀምቴና ዲጋ አንድ ትልቅ የእግር ኳስ ውድድር በጋራ እናዘጋጅ ብለው አመለከቱ። ለብቻው የሚችል ከተማ የለማ! ሜዳችንን አይተው የሚወስኑ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የሦስቱ ከተሞች የጋራ ኮሚቴ ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ ሲሬ ድረስ ሄደው ተቀበሏቸው።

ሲሬ ላይ ቁርስ ተበላ። ነቀምቴ ሲደርሱ ምሳ ሆነ፤ የወለጋችን ሥራ ሥር፣ አንጮቴው፣ በቅቤ ርሶ ቀረበ፣ ጉራጌዎቹ ነጋዴዎቻችንም ሱቃቸውን ዘግተው ክትፏቸውን ይዘው መጡ። ዲጋማ በሬ ጥላ ነበር የጠበቀቻቸው። በየደጁ «ኮታ ኛዻ!» ነው፤ ኑ ብሉ። አንዱ ከተማ እንግዶቹን ጦማቸውን ቢያሳልፍስ? ስሙ እስከ ልጅ ልጅ ይነሣ ነበር!

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሜዳው የታለ?» አሉ አንደኛው ቀበቷቸውን እያላሉ።

ኦቦ ገመቹ ጉርሻ እየጠቀለሉ፣ «ጓዶች፣ ሜዳው አይሸሽም፤ ምግቡ ግን ይቀዘቅዛል!» አሏቸው።

በልተው ሲነሡ መሸ። በጨለማ ምን ሜዳ ይታያል?

ውድድሩ ለሌላ ከተማ ተሰጠ። አፈርን ወይ? ምን በወጣን! ውድድሩ ካለቀ ከከረመ በኋላ፣ በዓመቱ፣ እነዚያው ሁለት ሰዎች ተመልሰው መጡ። «አምና ሜዳውን ሳናየው ነው የሄድነው» አሉን።

እኛም ኮራ ብለን፣ እስኪመሽ አብልተን፣ ዳግመኛ ሳናሳያቸው ሸኘናቸው።