ወደ ዲቁና በመጠጥ ቤት በኩል

የማይጠጣ ሰው መጠጥ ቤት ሲገባ ከሚጠጣው በላይ ይንገዳገዳል። አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ። ጠጪው ደረቱን ነፍቶ ይገባና ቀበቶውን አላልቶ ይቀመጣል። የማይጠጣው ግን ገና በሩ ላይ እግሩ ይተሳሰራል፤ ግራ ቀኙን ያያል፤ ጭራሽ የሰረቀ ይመስላል። ከየት አወቅክ አትሉኝም? በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት መጠጥ ቤት ገብቻለሁ። አንዲት ጠብታ ሳልቀምስ።

ቆይ ረጋ በሉ፣ ላስረዳ።

ኢኮኖሚው የወደቀ ሰሞን ነው፤ ስልካችን ገና የሚታጠፍ በነበረበት ጊዜ። ቤቴ ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ፣ ሥራዬ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ አውሮራ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተን የምናመልክባት ትንሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ናት። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ዲያቆን ሊያደርጉኝ ለጥያቄ ቀጥረውኛል። እና ሐሙስ ዕለት አለቃዬ ሊንዳ ብድግ ብላ፣ ነገ ከምሳ በኋላ ሥራ የለም፣ ቲም ቢልዲንግ፣ ሠራተኛው እየተጫወተ የሚቀራረብበት ቀን ነው አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የት እንደሆነ ስሰማ እጄ አየር ላይ ቀረ።

ትሬዠር ሀንት ይሉታል። የተደበቀ ነገር ፍለጋ ማለት ነው። ወርቅ ፈላጊዎቹ ወደ ዴንቨር በጎረፉበት ዘመን የተከፈቱ መጠጥ ቤቶች አሉ፤ ሊንዳ ታሪክ ትወዳለች። በየመጠጥ ቤቱ አንድ አንድ የመዳብ ሳንቲም ተደብቋል። ካርድ ላይ የተጻፈውን እንቆቅልሽ እየፈታን ከአንዱ ወደ ሌላው እንሄዳለን። አራቱንም ቀድሞ ያገኘ ቡድን አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጠዋል።

አልሄድም ልበል? ያን ሰሞን ከቢሯችን በየጊዜው አንድ ሰው ዕቃውን በካርቶን ይዞ ይወጣ ነበር። ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብዬ ካርቶን ልሸከም? ባለቤቴ ሰናይት ስታስብ አምሽታ፣ ግባ፣ ግን ለስላሳም ቢሆን በብርጭቆ እንዳትጠጣ አለችኝ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ቢራ ይመስለዋል።

ይህን ያለችው በከንቱ አይደለም። ዳውንታውን ፓርኪንጎቹ በር ላይ፣ በዚያች ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት የሚቆርጠው ማነው? የኛ ሰው ነው። ያን ቀን መሐል ከተማ በእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት የሐበሻ ዓይን ተተክሎ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው መጠጥ ቤት ፊት ለፊት ከድር የሚባል የመርካቶ ልጅ አለ፤ ልጆቻችን አንድ ትምህርት ቤት ናቸው። በሩን ስገፋ ከጎጆው ወጥቶ እጁን እስከ ትከሻው አንስቶ አውለበለበልኝ። ምን ነበር ዝም ቢል? የግድግዳውን ጡብ የምቆጥር መስዬ ቆምኩ።

ሦስቱን ሳንቲሞች አገኘን። አንዱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የጎሽ ጭንቅላት ሥር ነበር፤ የቀሩትን የት እንዳገኘናቸው እንኳ አላስታውስም፤ ዓይኔ በር በሩን ነበር የሚያየው። ታዲያ ጓደኞቼ በየገቡበት አንዳንድ ሲሉ አራተኛው ቤት ስንደርስ ቋንቋቸው ተቀላቅሏል። ከአራቱም አሮጌው ቤት ይሄ ነው። የመጨረሻው ሳንቲም ፀሐይ በማይገባበት፣ በርሜል በሚተኛበት ነው ይላል እንቆቅልሹ። ምድር ቤት መሆኑ ነው። አሳላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እዚያ ታች አንድ ወርቅ ቆፋሪ ሞቷል፣ እስከ ዛሬ ይመላለሳል አለን። ሊንዳ ጠባቡን ደረጃ አየች፣ የቡድናችንን ሰዎች አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቀጥ ብለህ መሄድ የምትችለው አንተ ብቻ ነህ አለችኝ።

አለመጠጣት እንዲህ ያስቀጣል።

ወረድኩ። በላዬ በሩ ተዘጋ። ማብሪያውን ብዳስስ የለም፤ በስልኬ ብርሃን ከራሴ ጫማ በቀር የሚታይ ነገር የለም። እኔ በሙታን መንፈስ አላምንም። በሰይጣን ግን አምናለሁ፤ ያ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ እያሰብኩ ከጨለማው ውስጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ቀጥሎ የሚጎተት ነገር። ቆመ። እንደገና ተጎተተ፣ ወደ እኔ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይሄው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በሙሉ ድምፄ ጸለይኩ።

«የጨለማውን ኃይል ሁሉ በኢየሱስ ስም አስሬዋለሁ!»

ከጨለማው ውስጥ መልስ መጣ።

«አሜን።»

በአማርኛ! እግዜር ያሳያችሁ፣ ወርቅ ቆፋሪው አማርኛ ከየት ተማረ? ልጮህ አፌን ስከፍት፣ ለካ ጠፋ መለስ የሚል አሮጌ መብራት ኖሮ፣ ቦግ አለ። ከበርሜሎቹ መሐል፣ ጓንት አጥልቀው፣ የመጠጥ ቤቱ ስም የተጻፈበት ሽርጥ ታጥቀው የቆሙት ጋሽ በቀለ ናቸው። ከሽማግሌዎቻችን ሁሉ አንጋፋው! ባለፈው ወር ስለ ስካር አስተምረው አዳራሹን ያስለቀሱት!

ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንደደነገጠ እስከ ዛሬ አልተለየም። በርሜል ላይ ቁጭ አሉ።

«አንተ ታምራት፣ ማን ነው የላከህ?» አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያን እንድሰልላቸው የላከችኝ መስሏቸዋል። ሳንቲም ፍለጋ ነው ብላቸው እንዴት ይመኑኝ? ከብዙ ልመና በኋላ ነው የነገሩኝ። ይሠሩበት የነበረው ሆቴል ቀንሷቸዋል። በሳቸው ዕድሜ ማን ይቀጥራል? መጋዘን ነው የምሠራው ይሉን ነበር፤ አልዋሹም፣ የቢራ መጋዘን ነው። ሚስታቸው እንኳ አያውቁም። ልብሳቸውን መኪና ውስጥ ነው የሚቀይሩት። አሜን ያሉትም አስበው ሳይሆን አፋቸው ለምዶ ነው። የሰው ጸሎት ሰምተው ዝም ማለት አይችሉም።

ሳንቲሙን ረስቼው ወጣሁ። ሊንዳ ፊቴን አይታ፣ ሟቹን አየኸው እንዴ አለችኝ። አዎ አልኳት። ዕረፍቱን ሌላ ቡድን ወሰደው።

ቅዳሜ አዳራሹ ደረስኩ። ፓስተሩ መሐል፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ። ጋሽ በቀለ መሬት መሬት ያያሉ። እምነት ተጠየቅኩ፣ ትዳር ተጠየቅኩ። ከዚያ ፓስተሩ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ወንድም ታምራት፣ በቅርቡ መጠጥ ቤት ገብተሃል?» አሉ።

አልገባሁም ብል ውሸት። ገባሁ ብል፣ ማን ነበር እዚያ ቢሉኝስ?

«ገብቷል፤ ትናንት አይቼዋለሁ» አሉ ጋሽ በቀለ።

«እርስዎ የት ሆነው አዩት?» አሉ ፓስተሩ።

«እዚያው ውስጥ። የምሠራው እዚያ ነው።»

ሁሉንም ተናገሩ። የኔንም ነገር አስረዱ፤ በእጁ የያዘው ስልኩን ብቻ ነው ብለው መሰከሩልኝ። ከዚያ የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ ሽምግልናው ለሌላ ይሰጥ አሉ። ፓስተሩ ቁልፉን ወደ ጋሽ በቀለ መልሰው ገፉት። እንጸልይ አሉ። በቃ።

ያኔ ትምህርቱን በልቤ ጨርሼ ነበር። እውነት ነፃ ታወጣለች፣ ምናምን። ለልጆቼ ሳይቀር እንዴት እንደምነግራቸው አዘጋጅቻለሁ። መኪናዬን ልከፍት ስል ፓስተሩ ከኋላዬ ደረሱ። እንኳን ደስ ያለህ፣ ዲያቆን ሆነሃል አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እሳቸውም ለኑሯቸው የሚሾፍሩት የሆቴል ቫን ሥራው ከቆመ ሰንብቷል፣ ለማንም አልተናገሩም።

«አንድ አገልግሎት ልስጥህ» አሉኝ። «ያ ቤት ሰው ይፈልግ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ማታ ማታ ቢሆን ይሻለኛል፤ ቀን ቀን ምእመናን መጎብኘት አለብኝ።»