ለኮርስ አውትላይን የተደረገ ግፊያ

ሰኞ ማለዳ መምህርት ምንትዋብ ሕልም አየች። መምህር ሆኖ እንዲህ ያለ ሕልም ያየ ሰው ከእሷ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የዩኒቨርሲቲው በር በተማሪ ተጨናንቋል። ሁሉም የሚጋፋው ለእሷ የጂኦግራፊ ኮርስ አውትላይን ነው። ጥበቃው ቦርሳ እየፈተሸ፣ አውትላይኑን ያልያዘውን ሁሉ ወደ መጣበት ይመልሳል። ምንትዋብ መታወቂያዋን ብታሳየው ዞር ብሎም አላየውም።

«መምህርቷ እኮ ነኝ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ» አለችው።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አላት። «የአራተኛው ሳምንት ርዕስ ምንድን ነው?»

«የአየር ንብረት።»

«ግቢ። ሰው አትጋፊ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ እሷን ግን ደስታው አሰከራት። አምና በማጠቃለያ ፈተና ላይ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የኮርሱ ስም ማን ነበር?» ብሏታል። ያን ቀን የዋጠችው ንዴት ክረምቱን ሙሉ አልወረደላትም። ዘንድሮ ተማሪዎቿ ከመጀመሪያው ቀን አውትላይኑን ካላነበቡ፣ ማስተማሩ ይቅርብኝ ብላ ለራሷ ዝታለች።

ስትገባ ክፍሉ ጢም ብሏል። ፊት ለመቀመጥ ዕጣ ይጣጣላሉ፤ የኋላ ወንበር የደረሰው አንድ ጎረምሳ ፊቱን ሸፍኖ ይነፋረቃል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጥግ ቆመው፣ ሰሌዳ ለመጥረግ ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«ዝም በሉ፣ ሊነበብ ነው» ተባለ።

አንዲት ልጅ የኮርሱን ዓላማ አነበበች። ክፍሉ እልልታውን አቀለጠው። ማጣቀሻ መጻሕፍቱ ላይ ስትደርስ አንድ አህያ መጻሕፍቱን ጭኖ በመስኮት ገባ።

«አምስተኛው የለም» አለ አህያው በትሕትና። «ጠያቂ ስላልነበረው ተቀይሞ ቀረ።»

ተማሪዎቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱለት። አንዱማ እቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብሎ ተነሣ።

የማርክ ክፍፍሉ ሲነበብ ግን ረብሻ ሆነ። ያ የኋላ ወንበር የደረሰው ጎረምሳ ወንበር ላይ ወጣ።

«ሁለት ፈተና ብቻ? ምን በደልንዎት፣ ቲቸር?»

«አምስት ላድርገው?» አለች ምንትዋብ።

«ሰባት ያድርጉት። አሳይመንቱም በግል ይሁንልን፤ በቡድን ሲሆን ሌላው ቀድሞ ሠርቶ ይጨርስብናል።»

«እሺ፣ በግል» አለች።

ከመቀመጫዋ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አወጧት። እሷ የሳምንቱን ርዕስ ትጠራለች፣ እነሱ እየተቀበሉ ይጨፍራሉ፤ ፕሬዚዳንቱም የሰሌዳ መጥረጊያ ጨርቃቸውን እያውለበለቡ ይከተላሉ። በዕድሜዋ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሲደርሱ ወደ ላይ ወረወሯት፤ ሳትወርድ አንድ ወንበር ሲጢጥ ብሎ ተጎተተና ነቃች።

ለካ ማልዳ መጥታ፣ በየወንበሩ አንድ አንድ አውትላይን አስቀምጣ፣ ተማሪ እስኪመጣ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን እንደተንተራሰች እንቅልፍ ወስዷታል። ቀና ስትል ክፍሉ እውነትም ሞልቷል። ልቧ ዘለለ። ሁሉም ጨዋ ሆነው ተቀምጠዋል፤ አውትላይኑ ግን በማንም እጅ ላይ አይታይም።

ፊት የተቀመጠች ልጅ በአክብሮት ብድግ አለች። ክረምቱን አቧራ ሲጠጣ በከረመው ወንበሯ ላይ አውትላይኑ ተነጥፏል።

«ቲቸር፣ ልብሳችን እንዳይቆሽሽ ወረቀት ስላነጠፉልን በሁላችንም ስም እናመሰግናለን» አለቻት። «እስካሁን እንዲህ ያሰበልን መምህር የለም።»