ያለምወርቅ ማን ናት?

ባለፈው ግንቦት አክስቴ የመሬት ደብተሯን ለማሳደስ ቢቸና ወዳለ አንድ ቢሮ ሄዳ፣ መሬቱ በስሟ እንዳልሆነ ተነገራት። ባሏ ከሞተ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ደብተሩ «ያለምወርቅ» ይላል። መታወቂያዋ «ፈንታነሽ»።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ለአዲሱ መታወቂያ ስትመዘገብ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛ አይደለሁ? እውነተኛው ስም አባት ያወጣው ነው ብዬ እሱን ጻፍኩ።

አክስቴ የተወለደችው ሞጣ ነው። ከእሷ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ሞቶ ነበርና ፈንታነሽ ተባለች። የሟቹ ምትክ ማለት ነው። ቢቸና ስትዳር ደግሞ በወጋችን መሠረት አዲስ ስም ወጣላት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ለሙሽራ መልአኳ አማቷ ናት። ይኸው አርባ ዓመት ያለምወርቅ ሆና ኖረች።

ሠራተኛው «እናቴ፣ ሁለቱም እርስዎ መሆንዎን የሚያውቅ ምስክር ያምጡ» አላት። ቀላል መስሎኝ ነበር። ጎረቤቶቿ መጡ። ያለምወርቅን ዓይናችንን ጨፍነን እናውቃታለን፣ ፈንታነሽ የምትባል ግን በሰፈራችን የለችም አሉ። ወንድሟን ከሞጣ አስመጣሁ። እሱ ባሰ። «ፈንታነሽ እህቴ ናት። ያለምወርቅ ማን ናት?» ብሎ ቁጭ! በዚህ ሁሉ ዘመን ስሙን ሳይሰማ ቀርቶ ነው? ሰምቷል። ውጭ አውጥቼ ስቆጣው፣ አማት ባወጣችው ስም ወንድም አይጠራም አለኝ።

የቀሩት አማቷ ነበሩ፣ እማሆይ። ከምራታቸው ጋር ሲነታረኩ የኖሩ ናቸው። መሬቱን ለሌሎቹ ልጆቻቸው ይፈልጉት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። በባጃጅ መጡ። ወለሉን በመቋሚያቸው መታ አደረጉና «ፈንታነሽ ብለው ዳሩልኝ፣ ያለምወርቅ ያልኳት እኔ ነኝ። የገዛ ምራቴን ለእኔ ልታስተዋውቁኝ ነው?» አሉ። ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

መሬቱ ተረፈ። እኔም ደብተሩ ላይ ያለው ስም ወደ ፈንታነሽ እንዲስተካከል ማመልከቻ ጽፌ ሰጠኋትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በመስከረም ስጠይቃት ማመልከቻው አልገባም። ብቻዋን ሄዳ ያስለወጠችው መታወቂያዋን ኖሯል። «ያለምወርቅ» ይላል። አባትሽ ያወጣልሽን ስም ጣልሽው ወይ አልኳት።

«እናቴ ፈንታነሽ ብላ በጠራችኝ ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀር ነበር» አለችኝ። «የሞተው ወንድሜ ስም ነው፣ ልጄ። ለእኔ ብሎ ስም ያወጣልኝ ሰው ቢኖር እማሆይ ናቸው።»